ስሙ የተፋቀ ግጥም

ግጥም የሚሰርቅ ሰው ፊቱ አይቀላም። ዶሮ የሰረቀ ላባውን ይቀብራል፤ ግጥም የሰረቀ ግን ላባውን አናቱ ላይ ሰክቶ ገበያ ይወጣል። ያየው ሁሉ «እንዴት አምሮብሃል!» ይለዋል።

አንዱን ላሳያችሁ። ከደብረ ታቦር እስከ ነፋስ መውጫ ያለ ዘመድ አዝማድ ሁሉ በፌስቡክ የሚከተለው ጎልማሳ ነው። ማለዳ ይነሣና አሥራ ሁለት መስመር ግጥም ይለጥፋል። ፎቶውም ከጎን አለ፤ ጉና ተራራን ከኋላው አድርጎ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ፣ የሩቅ ነገር እያየ። ግጥሙ ቀልደኛ ነው። ፍቅርንና የጤፍን ዋጋ በአንድ ትንፋሽ ያነሣል፣ መጨረሻው ላይ ሳይታሰብ ፈገግ ያሰኛል። ከሥሩ አስተያየቱ ይጎርፋል፦ «ብዕርህ አይንጠፍ!»፣ «አንተ እኮ የተደበቅህ ባለቅኔ ነህ!»፣ «ኧረ መጽሐፍ አሳትም!» እርሱም ለእያንዳንዱ የልብ ምልክት ይመልሳል። መጽሐፉ እኮ ከታተመ ቆይቷል። የታተመው ግን በሌላ ሰው ስም ነው።

«ይህ የእገሌ ግጥም አይደለም እንዴ?» የሚል ደፋር አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ያኔ የሚሰጠው መልስ ራሱን የቻለ ድርሰት ነው። አንዱ «የኔ ነው መቼ አልሁ?» ይላል። እውነቱን ነው፤ አላለም። ምስጋናውን ብቻ ነው የተቀበለው። ሌላው ስሙን ያልጻፈው ቦታ ስላልበቃው እንደሆነ ይናገራል፤ ለአበባውና ለእሳቱ ምልክት ግን ቦታ ሞልቶ ተርፏል። ፈላስፋውም አይጠፋም፦ «ግጥም የሕዝብ ሀብት ነው፤ ባለቤት የለውም።» ይህ ሰው ከአጥሩ አንድ እንጨት ቢነቀልበት ቀበሌ ድረስ የሚሄድ መሆኑን ጎረቤቶቹ ያውቃሉ።

ሰርግ ቤትም ይኸው ነው። ሚዜው ማይክ ይጨብጥና «ሙሽራው ለባለቤቱ በገዛ ብዕሩ የጻፈው» ብሎ ያውጃል። ሙሽራው ከኪሱ ወረቀት አያወጣም፤ የሚያወጣው ስልክ ነው። ድምፁን አወፍሮ ማንበብ ይጀምራል። የሙሽራዪቱ ከንፈር በቬሎዋ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ያዩ እናቶች ልጃችን እየጸለየች ነው ብለው እንባ ይተናነቃቸዋል። እየጸለየች አይደለም። ቀጣዩን መስመር ቀድማው እያለችው ነው። ያንኑ ግጥም ሌላ ሰው፣ በሌላ ዓመት፣ በቴሌግራም ልኮላት ነበር። ያኔም «በገዛ ብዕሬ» የሚል ተጽፎበት ነበር።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ የሚሰረቀው ግጥም አንድ ዓይነት ነው። ከባዱን ማንም አይነካውም። የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ጥቅጥቅ ያለ ስንኝ የኔ ነው ብሎ ለመለጠፍ መጀመሪያ መረዳት ይጠይቃል፤ አንዱ ነገረኛ «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀ ዕለት የሚመጣውም መዘዝ አለ። የሚዘረፈው ቀላሉ፣ ግልጹ፣ አንዴ ተነብቦ አፍ ላይ የሚቀረው ነው። አንባቢው ገና ሲያየው «አዬ፣ እኔም እኮ ይህንኑ ልል ነበር» ይላል። ጠዋት «ልል ነበር» ያለው ሰው ቀትር ላይ «ብዬ ነበር» ይላል፤ ማታ «እንዳልሁት» ላይ ይደርሳል። ገጣሚው ያችን መስመር እንዲያ ልሙጥ ለማድረግ ስንት ሌሊት እንዳመሸባት አይታይም። አለመታየቱ ነው ሙያው። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፤ ሙያው በተደበቀ ቁጥር ሌባው ይደፍራል።

በዕውቀቱ ስዩምን ውሰዱ። የማንኩሳው ልጅ ከ«ኗሪ አልባ ጎጆዎች» ጀምሮ አያቱም የልጅ ልጁም እኩል የሚስቁበት ግጥም ሲጽፍ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ኦሎምፒክ ስታዘጋጅ ከተሳታፊ አገሮች አንድ አንድ ገጣሚ ሲጠራ ኢትዮጵያን ወክሎ የሄደው እርሱ ነው፤ እንደ ሯጭ ማለት ነው። አዲስ አበባ ልጅነቱን ያሳለፈው እንግሊዛዊው ገጣሚ ክሪስ ቤኬትም ግጥሞቹን ወደ እንግሊዝኛ መልሶለታል። ባሕር ተሻግሮ ስሙን ይዞ የሄደ ግጥም አባይን ተሻግሮ ስሙን ይዞ አይመለስም። እንደርሱ ላለ ገጣሚ እዚህ አገር ሁለት ዕጣ ተደግሶለታል፦ የጻፈው ስሙ ተቆርጦ ይሄዳል፣ ያልጻፈው ስሙ ተቀጥሎበት ይመጣል።

የዚህ የሁለተኛው ዕጣ አለቃ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። የፎገራው፣ የናበጋ ጊዮርጊሱ ሊቅ ለጋይንት ሰው ሩቅ አይደሉም። ደብረ ታቦር ላይ ወረቡ ሲሸበሸብ የሚታየው የተክሌ አቋቋም የእርሳቸውና የልጃቸው የተክሌ ሥራ ነው። ይህ ግን ዛሬ ለብዙው ሰው ወሬ አይሆንም። ወሬ የሚሆነው ቀልዳቸው ነው፤ ወላጅ ያጣ ቀልድ ሁሉ ለእርሳቸው በማደጎ ይሰጣል። ስለ ታክሲ ረዳት የተቀለደ ቀልድ በአለቃ ስም ሰምቻለሁ። ስለ መብራት መጥፋትም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የኖሩ ሰው ለቆጣሪ ካርድ ሲሰለፉ ማን እንዳያቸው ተራኪው አይነግረንም። ለሟች የተሰጠ ስጦታ ይመስላል፤ ነገር ግን ስጦታው ከአንድ ሕያው ሰው እጅ የተነጠቀ ነው። ያ ቀልድ ደራሲ አለው፤ ምናልባትም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የራሱን ቀልድ እያዳመጠ፣ አብሮ እየሳቀ ይሆናል።

አሁን ወደ ጋይንት እንውጣ። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የግልበጣ አገር ናቸው ብል የአገሩ ሰው ዱላውን ይዞ ሳይነሣብኝ አይቀርም። ግን ሐቅ ነው፤ የጋይንቷ ቤተ ልሔም የኖረችው በግልበጣ ነው። ቤተ ልሔም የዜማው መጽሐፍ የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ተማሪው ቅኔውን ዋሸራ ይማረው ወይም ጎንጅ፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን ዙር አምባ ያስመስክር፣ ቅዳሴውን ሰለልኩላ፤ ድጓ ሲሆን የመጨረሻው ቃል የቤተ ልሔም ነው። ጾመ ድጓውንና ምዕራፉን ዘልቆ ድጓው ላይ የደረሰ ተማሪ የሚጠብቀው ሥራ በቃል መያዝና በእጅ መገልበጥ ነው። የፍየሉ ቆዳ ይወጠራል፣ ይፋቃል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ መቃው ይቀረጻል። ቃሉ በጉልሕ ይሰፍራል። ከቃሉ በላይ ድፋቱ፣ ሒደቱ፣ ቅናቱ፣ ርክርኩ በደቃቁ ይሰፍራል፤ አንዷ ምልክት ብትዛነፍ ዜማው ሌላ አገር ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሆድ የሚያዘው ከመንደር በሚለመን ቁራሽ ነው፤ ቁራሹን የሚያስገኘው ደጅ ደግሞ ውሻ አያጣም። ዓመታት ያልፋሉ። በመጨረሻ ተማሪው ደበሎው አልቆ፣ ዓይኑ ደክሞ፣ በገዛ እጁ የጻፈውን መጽሐፍ ታቅፎ ይቆማል። «ይህ የማን ነው?» ብትሉት ምን የሚል ይመስላችኋል? የቅዱስ ያሬድ።

ያሬድ የነበረው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት ነው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። 1,500 ዓመት ገደማ ሲገለበጥ፣ ጦርነቱም ቃጠሎውም ረሃቡም ሲያልፍበት፣ ያን ያህል የተራበ እጅ ሲፈራረቅበት የባለቤቱ ስም አልወደቀም። እንዲያውም ኋላ የመጡ ሊቃውንት የራሳቸውን እየጨመሩ ለእርሱ ሰጥተውታል ይባላል፤ ሌብነት በተቃራኒው ማለት ነው። የዜማ ምልክቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ተድባበ ማርያም ላይ ያደላደሉት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤልም ድርሻቸው አልተበላም፤ ስማቸው ይኸው እስከ ዛሬ ይነሣል። ሰኞ ጠዋት የተለጠፈ ግጥም ግን ማክሰኞ ወላጅ አልባ ሆኖ ያድራል።

ስለዚህ ጥፋቱ መገልበጡ አይደለም። ድሮ የሚደክመው እጅ ነበር፣ ስሙም ለደራሲው ነበር። ዛሬ አንዲት አውራ ጣት ትነቃነቃለች፣ ስሙም ለአውራ ጣቷ ባለቤት ይሆናል። አንድ ተማሪ ከሩቅ አገር ቤተ ልሔም ሲደርስ የኔታ «ድጓውን ከማን ቀጸልህ?»፣ ከማን ተማርህ ማለት ነው፣ ብለው ቢጠይቁት መምህሩን ከነመምህሩ መምህር ይቆጥራል። ይህን ጥያቄ ለጉናው ጎልማሳ አቅርቡለትማ። «ከማን ቀጸልህ?» «ከግሩፕ።»

አባቶቻችንን በሙሉ ንጹሕ አድርጌ ማቅረቤ ግን አይደለም። በየብራናው መጨረሻ የጻፈው፣ ያጻፈው፣ አንዳንዴም የከፈለው ስሙ ከጸሎት ልመና ጋር ይሰፍራል። ከዚያ ማስጠንቀቂያው ይከተላል፦ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው ፋቂ ስላለ ነው። ብራና የሚመረምሩ ሰዎችም የፊተኛው ባለቤት ስም በምላጭ ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ደጋግመው ያጋጥማቸዋል። አስቡት፤ ሰውየው ውግዘቱን እያነበበ፣ ምናልባትም አማትቦ፣ ምላጩን ይዞ ይፍቃል።

ደግነቱ ብራና ምስክር ነው። የተፋቀው ቦታ ይሳሳል፣ ይሻክራል፣ ቀለም ይፈስበታል፤ ከ300 ዓመት በኋላም እዚህ ጋ አንድ ሰው ነበረ ይላል። የስልኩ ፋቂ ጠባሳ አይተውም፤ ካልሰነፈ በቀር። የሚሰንፍም አለ። የገጹን ፎቶ ሲቆርጥ የደራሲውን ስም ጭራ ትቶት ይለጥፋል፤ አድናቂዎቹም ከግጥሙ ግርጌ «…ቱ ስዩ…» የሚል ነገር እያዩ «ብዕርህ ይባረክ» ይሉታል።

ቤተ ልሔም ራሷም በስም ነገር አንድ ጊዜ ተነክታለች፤ «ተገኝታለች»። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓክናም የሚባል ከኦክስፎርድ የወጣ ወጣት ወደዚያ ወጥቶ፣ ከውጭ ሲታይ ክብ የሣር ክዳን በሆነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ መኖሩን አየ። በ1959 መጽሐፍ አሳትሞ ጻፈው። ከዚያ ወዲህ የውጭው ጽሑፍ ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑን ያገኘው እርሱ እንደሆነ ይናገራል። የጋይንት ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ጠፍቶበት አያውቅም፤ እንግዳው በ«ተገኘበት» ጠዋት እንኳ ተማሪው እየቀጸለበት፣ ቄሱ እያጠኑበት ነበር። ይሁንና አንድ ነገር አልነፍገውም። ሲጽፈው ቤተ ልሔም ብሎ ነው የጻፈው፤ ስሙን አልፋቀም። ከእኛ ለጣፊዎች በዚህ ይሻላል።

ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ ሥርዓቱ ይገለበጣል። ድጓን አንዲት ነጥብ ሳያዛንፉ መገልበጥ ክብር ነው፤ የሰው ቅኔ ገልብጦ ማቅረብ ግን ውርደት ነው። እዚያ መዝረፍ፣ ማለትም መቀኘት፣ ሌላ፤ መስረቅ ሌላ። የመምህሩ ጆሮ የእያንዳንዱን ተማሪ አካሄድ ያውቀዋል፤ ትናንት ቤት መምታት ያቃተው ልጅ ዛሬ እንደ መብረቅ ቢያበራ፣ የኔታ ቀና ብለው አያዩትም፤ «ያንተን ደግሞ ነገ ታመጣለህ» ብለው ያልፉታል። «ይበል!» ሊል የተዘጋጀ ጉባኤም ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ጥሩ ቅኔ ከደብር ደብር ሲዞር ከነባለቤቱ ነው የሚዞረው፤ እገሌ በእገሌ ደብር፣ በእንዲህ ያለ በዓል የተቀኙት ተብሎ። ስሙን ሳይጠራ ቅኔውን ብቻ የሚናገር ሰው ያልተማረ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል።

አዝማሪ ቤት እንኳ ሕግ አለ፤ ያውም እንግዳ ሕግ። ግጥም ሰጪው ራሱ ነው ከፋዩ። «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ያወርዳል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ይቀበለዋል፤ ሰውየውም ብሩን አውጥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። የራሱን ግጥም ሌላ ሰው ስላለለት ይከፍላል። እኛ የሌላውን ግጥም የራሳችን ስናደርግ ሳንቲም አይወጣንም፤ የምንለጥፈውም ግጥሙን እንጂ ብሩን አይደለም።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ አገር ዌንዲ ኮፕ የምትባል ገጣሚ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1945 የተወለደች፣ ለንደን ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት የነበረች። በ1986 ያወጣችው የመጀመሪያ መጽሐፏ ለአንድ ዝነኛ ደራሲ ካካዎ ስለማፍላት የሚናገር ርእስ አለው፤ ርእሱን ያየ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ነው ቢል አይፈረድበትም። የታላላቆቹን ገጣሚዎች አካሄድ እየቀዳች ታሾፍባቸዋለች፤ ስለ ወንዶች፣ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ተራ ቀን ደስታ ማንም በሚገባው ቋንቋ ትጽፋለች። በ1992 ያሳተመችው ያው ሳቂታ መጽሐፍ ርእሱ «ብርቱ ጉዳዮች» ነው። ሰው ይወዳታል። የሚወዳት ሁሉ ግን አይገዛትም፤ ይገለብጣታል። በ2007 ጋዜጣ ላይ ወጥታ ግጥሜን ከወደዳችሁት ክፈሉበት የሚል ጽሑፍ እስከ መጻፍ ደረሰች።

የእኛ ገጣሚዎችም የሚደርስባቸው ይኸው ነው፤ በጋዜጣ አይጮኹም እንጂ። አንባቢ ካፌ ውስጥ ገጣሚውን ያገኝና ዘሎ ያቅፈዋል። «መጽሐፎችህን አንድም ሳይቀረኝ በፒዲኤፍ አንብቤአለሁ!» ይላል፤ ቃሉን በኩራት ነው የሚለው። ከዚያ ወንበር ይስባል። የማኪያቶውን ሒሳብ የሚከፍለው ገጣሚው ነው።

የዌንዲ ኮፕ ታሪክ ግን ለገልባጮችም የሚያደላ ጎን አለው። ስለ አንዲት ብርቱካን የጻፈቻት አጭር ግጥም ከስልክ ስልክ ስትዞር ኖራ ያለ መጠን ከመታወቋ የተነሣ አሳታሚዋ በ2023 በዚያችው ግጥም ስም አነስ ያለች መጽሐፍ አወጣ። በግልበጣ የተዘረፈችው ሴት በግልበጣ ተከፈላት ማለት ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ግጥሟ ስትዞር ስሟም ከሥር አብሮ ስለዞረ ነው። እነርሱ ገንዘቧን ወሰዱ እንጂ ስሟን ተዉላት። የእኛው ጉድ ሁለቱንም ነው የሚያፍሰው። ስም የሌለው ግጥም አሥር ሚሊዮን ሰው ቢያነበው ማን ጋ ሄዶ ይከፈላል? የዌንዲ ኮፕን ወረቀት ሁሉ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በ2011 ገዝቷል፤ 40,000 ያህል ኢሜይሏን ጭምር። የእኛ ገጣሚ በሕይወት ሳለ ስንኙን የሚገዛው ያጣ፣ ኢሜይሉን ማን ይገዛዋል!

ሕጉስ ቢሉ፣ ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ሥራውን በስሙ የማስጠራት መብት ይሰጠዋል፤ ገንዘብ ነኩን መብት ደግሞ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠብቅለታል። መልካም ነው። ነገር ግን የወሰን ክርክርና የውርስ ክርክር በተሰለፈበት ችሎት ቆሞ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አሥራ ሁለት ስንኜን ከነቀልዱ ወሰደብኝ» የሚል ገጣሚ እስካሁን አላየሁም። ቢኖርም ተከሳሹ መጥሪያው ሲደርሰው ፎቶ አንሥቶ፣ «የጥበብ ሰው መከራው» የሚል ግጥም ጨምሮ ይለጥፈዋል። ግጥሙም የሰው ይሆናል።

እኔ የድሮው ዘዴ ይሻላል ባይ ነኝ። እንደ ብራናው በየግጥሙ ግርጌ መዝጊያ ይኑር፦ ይህን የደረሰው እገሌ ነው፤ የገለበጥሁት እኔ ነኝ፤ ዳታ የሞላልኝ አጎቴ ነው፤ ስሙን የፋቀ የተወገዘ ይሁን። ድጓ ለቀጸሉ አንድ መሪጌታ ይህን ሐሳብ ባቀርብላቸው በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁብኝ።

«አይ ልጄ፤ ስሙን ይፍቁታል፣ ውግዘቱን ግን እዚያው ይተዉታል» አሉኝ።

«እንዴት የኔታ? ውግዘቱ በራሳቸው ላይ ይሆን የለም እንዴ?»

«እስከዚያ ድረስ መች ያነባሉ?»